ካልቪን ብሪጅስና የተደረበው ጂን

ስለ ታላላቅ ሰዎች በሚጻፉ መጻሕፍት ውስጥ ብዙውን ስፍራ የሚይዙት ጦር የመሩ፣ መንግሥት ያቆሙ ወይም ያልታወቀ አገር ያገኙ ሰዎች ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሚናገርለት ካልቪን ብላክማን ብሪጅስ ግን ከነዚህ ወገን አይደለም። በሥነ ሕይወት ሊቃውንት ዘንድ ስሙ ሊታወቅ የቻለው፣ በበሰለ ፍራፍሬ ላይ የምትሰፍረውንና ርዝመቷ ከሦስት ሚሊሜትር የማይበልጠውን ዝንብ ዕድሜውን ሙሉ በመመርመሩ ነው። ነገር ግን በዚህች ትንሽ ፍጥረት ዓይን ምክንያት የደረሰበት ዕውቀት፣ የሰው ልጅና ጭራ የሌላቸው የቅርብ ዘመዶቹ፣ ማለት ቺምፓንዚ፣ ጎሪላና ኦራንጉታን፣ የዘር ሀብታቸው እንዴት እየሰፋና እየተለወጠ እንደ መጣ ለማወቅ በር ከፍቷል። ስለዚህ የሕይወቱን ታሪክና የሥራውን ፍሬ አያይዞ መተረክ ለመምህራን የሚጠቅም ይመስለናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብሪጅስ ጃንዋሪ 11 ቀን 1889 በአሜሪካ አገር፣ በኒው ዮርክ ግዛት፣ ስካይለር ፎልስ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። ገና የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለ እናቱ ሞተችበት፤ ዓመት ያህል ቆይቶም አባቱ አረፈ። እናትና አባት ያጣውን ልጅ አያቱ ወስዳ አሳደገችው። በገጠር ኑሮ ውስጥ ትምህርቱን በወጉ ለመከታተል ስላልቻለ፣ በአቅራቢያው በነበረችው በፕላትስበርግ ከተማ ትምህርት ቤት ሲገባ ዕድሜው 14 ዓመት ነበረ። የቀረበትን ለማካካስ ብዙ ደከመ፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱንም ሲፈጽም 20 ዓመት ሆኖት ነበር። በተማሪዎች መዝገብ ላይ ዕድሜውን ብቻ ያየ ሰው፣ ይህስ ጊዜው ያለፈበት ተማሪ ነው ብሎ ሊያልፈው በቻለ ነበር። ችሎታው ግን ሌላ ነገር መሰከረለት፤ የኮርኔልና የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለቱም የነፃ ትምህርት ዕድል ሰጡት። እርሱም ኮሎምቢያን መርጦ በ1909 ወደ ኒው ዮርክ ከተማ ሄደ።

በዚያ የትምህርት ዘመን በኮሎምቢያ የእንስሳት ጥናት መግቢያ የሆነውን ትምህርት ያስተማረው ቶማስ ሃንት ሞርጋን ነበረ። ሞርጋን በምርምር ሥራ የተጠመደ ሊቅ ስለ ነበረ ጀማሪዎችን ማስተማር ልማዱ አልነበረም፤ በዚያ ዓመት ብቻ በሌላ መምህር ምትክ ገብቶ አስተማረ። በክፍሉ ከተቀመጡት ወጣቶች መካከል አንዱ ብሪጅስ፣ አንዱም አልፍሬድ ስተርቴቫንት ነበሩ። ሁለቱም ከዚያ ትምህርት በኋላ ሞርጋንን ተከትለው ሄዱ፤ ሁለቱም በዘር ውርስ ጥናት ስማቸው የሚነሣ ሊቃውንት ሆኑ። አንድ መምህር በምትክነት ገብቶ ያስተማረው የአንድ ዓመት ትምህርት ምን ያህል ፍሬ ሊሰጥ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ብሪጅስ ገንዘብ ስላልነበረው ለኑሮው የሚሆን ሥራ ፈለገ፤ ሞርጋንም ዝንቦች የሚራቡባቸውን የወተት ጠርሙሶች እንዲያጥብ ቀጠረው። ከዕለታት አንድ ቀን የሚታጠብ ጠርሙስ አንሥቶ ሲመለከት፣ በወፍራሙ መስተዋት ውስጥ ከሌሎቹ የተለየች ዝንብ አየ። የዚህች ዝንብ ዓይን እንደ ወትሮው ጠቆር ያለ ቀይ ሳይሆን ደማቅ ቀይ ነበረ። ሌሎች ተመራማሪዎች በአጉሊ መነጽር እየፈለጉ የሚያገኙትን ልዩነት እርሱ በባዶ ዓይኑ፣ ያውም ባልታጠበ ጠርሙስ ውስጥ ለየው። ሞርጋንም ይህን ባወቀ ጊዜ ጠርሙስ አጣቢውን ከተመራማሪዎቹ ጋር እንዲሠራ አደረገው።

የሚሠሩበት ስፍራ የዝንብ ክፍል ተብሎ ይጠራ ነበር። አምስት ሜትር በሰባት ሜትር በሆነች ጠባብ ክፍል ውስጥ ስምንት ጠረጴዛዎች ተደርድረው፣ የዝንቦቹ ምግብ የሆነው ሙዝ ሽታው ቤቱን ሞልቶት፣ ወጣቶቹ ከመምህራቸው ጋር እየተከራከሩ ይሠሩ ነበር። የክርክራቸው ሥር ይህ ነበረ። መነኩሴው ግሪጎር ሜንዴል በ1866 ባሳተመው ጥናት፣ የወላጆች ጠባይ ወደ ልጆች የሚተላለፈው ተለይተው በሚቆጠሩ ቅንጣቶች መሆኑን አሳይቶ ነበር፤ እነዚህም ቅንጣቶች በኋላ ጂን ተባሉ። ነገር ግን ጂኖች በሕዋስ ውስጥ የት እንደሚኖሩ ገና አልተረጋገጠም ነበር። በማይክሮስኮፕ በሚታዩት ክር መሰል ነገሮች፣ ማለት በክሮሞሶሞች ላይ ናቸው የሚሉ ሊቃውንት ነበሩ፤ ሞርጋን ራሱ ግን በመጀመሪያ ይህን ይጠራጠር ነበር። በ1910 ዓይኑ ነጭ የሆነ ተባዕት ዝንብ ካገኘ በኋላ ሐሳቡን ለወጠ፤ የነጭ ዓይን ጠባይ ጾታን ከሚወስነው ከኤክስ ክሮሞሶም ጋር አብሮ ሲሄድ አይቶ ነበርና። በ1913 ስተርቴቫንት ጂኖች በአንድ ክሮሞሶም ላይ በተርታ የተደረደሩበትን የመጀመሪያ ካርታ አወጣ።

የመጨረሻውን ማረጋገጫ ያመጣው ግን ብሪጅስ ነው። ነጭ ዓይን ያላት እንስት ከቀይ ዓይን ተባዕት ጋር ስትዳቀል፣ ሴቶች ልጆች ሁሉ ቀይ ዓይን፣ ወንዶች ልጆች ሁሉ ነጭ ዓይን ሊኖራቸው ይገባል። ነገር ግን ከሁለት ሺህ ያህል ልጆች አንድ ከዚህ ሕግ ወጥቶ ይገኝ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ጥቂት ቁጥር የቆጠራ ስሕተት ነው ብሎ ይተወው ነበር። ብሪጅስ ግን የእናቲቱ ሁለት ኤክስ ክሮሞሶሞች ሳይለያዩ በአንድ እንቁላል ውስጥ ቀርተው ይሆናል ብሎ ገመተ፤ ይህ እውነት ከሆነ ከሕግ የወጣችው ሴት ልጅ ሁለት ኤክስና አንድ ዋይ ክሮሞሶም ሊኖራት እንደሚገባ አስቀድሞ ተናገረ። ሕዋሷን በማይክሮስኮፕ በመረመረ ጊዜም ነገሩ እንዳለው ሆኖ ተገኘ። ጂኖች በክሮሞሶም ላይ መሆናቸው ከዚያ ወዲያ አላጠራጠረም። ይህ ጥናቱ በ1916 መታተም በጀመረው ጄኔቲክስ በተባለው መጽሔት የመጀመሪያ ቅጽ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ወጣ፤ በዚያው ዓመትም የዶክተርነት ማዕርግ አገኘ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1915፣ ከሞርጋን፣ ከስተርቴቫንትና ከኸርማን ሙለር ጋር ሆኖ አዲሱን ትምህርት የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር።

ብሪጅስ በጠባዩ ትሑትና ለጋስ ነበረ። የሚያረባቸውን ልዩ ልዩ የዝንብ ወገኖች ለጠየቀው ሁሉ ይልክ ነበር። በእጁም ብልህ ስለ ነበረ የላቦራቶሪውን ዕቃ ብዙ አሻሻለ፤ በእጅ በሚያዘው አጉሊ መነጽር ምትክ ለሁለት ዓይን የተሠራ ማይክሮስኮፕ እንዲገባ፣ ዝንቦቹም ሙቀቱ በሚጠበቅ ሣጥን ውስጥ እንዲረቡ፣ በሙዝ ፈንታ ከበቆሎ ዱቄትና ከስኳር ዝቃጭ የተዘጋጀ ምግብ እንዲሰጣቸው ያደረገ እርሱ ነው። በቤተሰብ ኑሮው ግን እንደ ሥራው የጸና አልነበረም፤ ከባለቤቱ ጋር ተለያይቶ ይኖር ነበር። የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰርነት ወንበርም አልያዘም፤ ኑሮው የተመሠረተው በዋሽንግተን ካርኔጊ ተቋም ለምርምር በሚከፍለው ገንዘብ ላይ ነበር።

ወደ ዋናው ነገራችን የምንመጣው አሁን ነው። ብሪጅስ ዝንቦቹን ሲመረምር፣ አንዳንድ ጊዜ ከክሮሞሶም ላይ አንድ ቁራጭ ጠፍቶ፣ አንዳንድ ጊዜም አንዱ ቁራጭ ሁለት ጊዜ ተደርቦ አገኘ። በ1918 በተደረገው የአሜሪካ የሳይንስ እድገት ማኅበር ጉባኤ ላይ ስለ መደረብ ንግግር ባደረገ ጊዜ፣ የነገሩ ዋና ጥቅም በአዝጋሚ ለውጥ ላይ ያለው ትርጉም መሆኑን አስረዳ። ክሮሞሶሞች በዘመናት ብዛት እየረዘሙ ሊሄዱ የሚችሉበት መንገድ ይህ ነው፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ጂኖች በኋላ እያንዳንዳቸው ለየብቻ እየተለወጡ ልዩ ልዩ ሥራ ሊይዙ ይችላሉ የሚል ነበር ሐሳቡ።

ይህን በምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። ቁም ጸሐፊ ብራና ሲገለብጥ አንዱን መስመር በስሕተት ሁለት ጊዜ ቢጽፍ፣ አራሚው ሁለተኛውን ይፍቀዋል። በሕያው ፍጥረት ውስጥ ግን የተደረበውን የሚፍቅ አራሚ ሁልጊዜ አይገኝም። የመጀመሪያው መስመር ትርጉሙን እንደ ያዘ ይኖራል፤ ሁለተኛው መስመር ፊደሎቹ አንድ በአንድ ቢለወጡ የጽሑፉ ዋና ነገር አይጠፋም። አንድ ብቻ የሆነ ጂን ቢበላሽ ባለቤቱ ይጎዳል፤ ስለዚህ እንደ ልቡ ሊለወጥ አይችልም። የተደረበው ግን ቀዳሚው የዕለት ሥራውን እየሠራለት እርሱ አዲስ ነገር ለመሞከር ጊዜ ያገኛል።

ሐሳቡ መልካም ቢሆንም በዚያን ጊዜ ሐሳብ ብቻ ነበር። የተደረበ ቁራጭ መኖሩ የሚታወቀው ከመዳቀል ውጤት በሚሠራ ስሌት እንጂ በዓይን አይታይም ነበር። በዓይን እስኪታይ ድረስ 18 ዓመት ቆየ።

በ1928 ሞርጋን በካሊፎርኒያ ወደሚገኘው፣ ፓሳዴና ከተማ ወዳለው የቴክኖሎጂ ተቋም ሲሄድ ብሪጅስና ስተርቴቫንት አብረውት ሄዱ። በ1933 ሞርጋን የኖቤልን ሽልማት አገኘ፤ ገንዘቡንም ብቻውን አልያዘም፤ ለራሱ ልጆች፣ ለብሪጅስ ልጆችና ለስተርቴቫንት ልጆች ትምህርት እንዲሆን አካፈለው። መምህሩ የተማሪዎቹን ድርሻ በዚህ መልክ አወቀላቸው።

በላቦራቶሪው ውስጥ ለብዙ ዓመታት መልስ ያጣ አንድ እንቆቅልሽ ነበር። በ1913 ሳብራ ታይስ የምትባል ተመራማሪ ዓይኑ እንደ ዘንግ የጠበበ ዝንብ አገኘች፤ ይህም ጠባይ ባር ተባለ። የዝንብ ዓይን ከብዙ ትንንሽ ዓይኖች የተሠራ ነው። ደኅነኛዋ እንስት በአንድ ዓይኗ ከ700 በላይ ሲኖሯት፣ ከሁለት ወላጆቿ ባር የወረሰችው 70 የማይሞሉ ብቻ አሏት። የሚያስደንቀው ግን ይህ ጠባይ ጸንቶ የማይኖር መሆኑ ነው። ቻርልስ ዜለኒ የሚባለው ሊቅ ብዙ ዝንብ ቆጥሮ፣ ከ1,600 ያህል አንዱ ወደ ደኅና ዓይን እንደሚመለስ፣ አንዳንዱም ከባር ይልቅ እጅግ የጠበበ፣ 25 ያህል ትንንሽ ዓይኖች ብቻ ያሉት እንደሚሆን አየ። አንድ ጂን እንዲህ ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰው ስለ ምንድር ነው?

ስተርቴቫንት በ1925 ግማሹን መልስ ሰጠ። እንቁላል ሲሠራ ጥንድ ክሮሞሶሞች ጎን ለጎን ገጥመው ቁራጭ ይለዋወጣሉ። አገጣጠማቸው የተዛነፈ እንደ ሆነ ልውውጡ እኩል አይሆንም፤ አንደኛው ትርፍ ይዞ ሲሄድ ሌላው ይጎድልበታል። ከሰሌዳ ላይ የሚገለብጥ ተማሪ፣ ሁለት መስመሮች በአንድ ዓይነት ቃል ሲጀምሩ ዓይኑ ተሳስቶ አንዱን መስመር እንደሚዘልል ወይም እንደሚደግም ሁሉ፣ ክሮሞሶሞችም ተመሳሳይ ቁራጮች በተከታታይ ሲገኙ ይሳሳታሉ። ነገር ግን በባር ስፍራ ምን እንዳለ ስተርቴቫንት ሊያይ አልቻለም።

የማያ መሣሪያው በ1933 መጨረሻ ተገኘ። በቴክሳስ ይሠራ የነበረው ቴዎፍሎስ ፔይንተር፣ በዝንቧ ዕጭ የምራቅ ዕጢ ውስጥ ያሉት ክሮሞሶሞች ከተራዎቹ ከመቶ እጥፍ በላይ የሚረዝሙና እንደ ቀለበት ያሉ ጥቁር መስመሮች በተርታ የሚታዩባቸው መሆናቸውን አሳየ። ብሪጅስ ይህን በሰማ ጊዜ ጠርሙስ ሲያጥብ ያገለገለውን ዓይኑን በሙሉ ለዚህ ሥራ ሰጠ። እያንዳንዱን መስመር እየሣለ፣ ክሮሞሶሞቹን በ102 ክፍሎች፣ እያንዳንዱንም ክፍል በስድስት ንዑሳን ክፍሎች አከፋፍሎ በ1935 ካርታውን አሳተመ። በነዚሁ ካርታዎች ላይ ተመሳሳይ መስመሮች በተከታታይ ተደርበው የሚገኙባቸውን ስፍራዎች እያመለከተ፣ በ1918 የተናገረውን ሐሳብ እንደገና አነሣ።

በ1936 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጣው አጭር ጽሑፍ እንቆቅልሹን ፈታ። በኤክስ ክሮሞሶም 16ኛው ክፍል ላይ ጥቂት መስመሮች ያሉበት ቁራጭ አለ። በደኅነኛዋ ዝንብ አንድ ጊዜ፣ በባር ሁለት ጊዜ፣ እጅግ በጠበበው ዓይን ሦስት ጊዜ ተጽፎ ተገኘ። በዚያው ዓመት ሙለር ከሩስያውያን ባልደረቦቹ ጋር በሞስኮ ለብቻው ሲሠራ ከዚሁ መልስ ደረሰ፤ ማናቸውም አዲስ ጂን ቀድሞ ከነበረ ጂን የሚወለድ መሆኑንም አበክሮ አስተማረ። ለ23 ዓመታት እንደ አንድ የተበላሸ ጂን ይቆጠር የነበረው ባር፣ የመደረብ ውጤት መሆኑ በዓይን ታየ። ብሪጅስ በዚያው ዓመት የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆኖ ተመረጠ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። የኤክስ ክሮሞሶምን ካርታ እንደገና አርቆና አብራርቶ በ1938 ካሳተመ በኋላ፣ በልብ ሕመም ምክንያት ዲሴምበር 27 ቀን 1938 በሎስ አንጀለስ ከተማ በ49 ዓመቱ አረፈ። ያልተፈጸሙትን ካርታዎች ልጁ ፊሊፕ ብሪጅስ ቀጥሎ አሳተማቸው። ዛሬም በዓለም ላይ ያሉ የዚህች ዝንብ ተመራማሪዎች የክሮሞሶምን ስፍራ ሲጠሩ፣ ብሪጅስ ባወጣው ቁጥር ይጠቀማሉ።

ሐሳቡ ግን ከዝንቧ አልፎ እስኪሰፋ ሌላ ሰው ያስፈልገው ነበር። በ1928 በሴኡል የተወለደው ጃፓናዊው ሱሱሙ ኦኖ፣ ብሪጅስ ከሠራበት ከፓሳዴና እምብዛም በማትርቀው በዱዋርቴ ከተማ ምርምሩን ሲያካሂድ ኖሮ፣ በ1970 በጂን መደረብ ስለሚመጣ አዝጋሚ ለውጥ አንድ መጽሐፍ ጻፈ። አንድ ብቻ የሆነ ጂን በሥራው ታስሮ የሚኖር ሲሆን፣ ከዚህ እስራት የሚፈታው መደረብ ነው ብሎ በሰፊው አስረዳ። ነገር ግን የተደረበ ሁሉ ፍሬ አይሰጥም፤ ብዙው በጊዜ ብዛት ተበላሽቶ ሥራ አልባ ሆኖ ይቀራል። አዲስ ሥራ የሚይዘው ከብዙው ጥቂቱ ነው።

ከነዚህ ጥቂቶች አንዱ በራሳችን ዓይን ውስጥ ይገኛል። በደቡብና በመካከለኛው አሜሪካ የሚኖሩት ጦጣዎች አብዛኞቹ በኤክስ ክሮሞሶማቸው ላይ ቀለም ለመለየት የሚያገለግል ጂን አንድ ብቻ አላቸው፤ ስለዚህ ወንዶቹ ቀይን ከአረንጓዴ አይለዩም። በአፍሪካና በእስያ ጦጣዎች፣ በቺምፓንዚ፣ በጎሪላ፣ በኦራንጉታንና በሰው ቅድመ አያት ግን ይህ ጂን ከ30 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ተደረበ፤ አንደኛው ለቀይ፣ ሁለተኛው ለአረንጓዴ ብርሃን የተለየ ሆነ። በተራሮቻችን የሚግጠው ጭላዳ ዝንጀሮና በዛፍ ላይ የሚኖረው ጉሬዛ የዚህ ውርስ ተካፋዮች ናቸው። የበሰለውን ፍሬ ካልበሰለው፣ ለጋውን ቅጠል ከደረቀው ለመለየት ምን ያህል እንደሚጠቅም ግልጽ ነው።

በ1986 እነዚህ የሰው ጂኖች ሲነበቡ፣ በኤክስ ክሮሞሶም ላይ አንዱ ከሌላው ቀጥሎ ተሰልፈው፣ ከመቶ 96 እጅ ያህልም ተመሳስለው ተገኙ። እጅግ ተመሳሳይና ጎረቤታሞች በመሆናቸው፣ ስተርቴቫንት በባር ዝንብ እንዳሳየው፣ አገጣጠማቸው ሲዛነፍ ልውውጡ እኩል አይሆንም። አንደኛው ልጅ ትርፍ ጂን ሲወርስ ሌላው ይጎድልበታል፤ ወይም ከሁለቱ ተቆርጦ የተቀጠለ ይደርሰዋል። ከአውሮፓ ዘር በሆኑ ወንዶች መካከል ከመቶው ስምንት ያህል ቀይንና አረንጓዴን በደንብ የማይለዩት ስለዚህ ነው። በካርታ ላይ ቀይና አረንጓዴ የተቀባውን ድንበር ያልለየ፣ ወይም በአረንጓዴ ሰሌዳ ላይ በቀይ ጠመኔ የተጻፈውን ማንበብ ያቃተው ልጅ ባጋጠመ ጊዜ፣ መምህሩ ስንፍና ነው ብሎ ከመቅጣቱ በፊት ይህን ማስታወስ ይገባዋል።

የሰው የዘር ጽሑፍ በሙሉ ሲነበብ መደረብ ምን ያህል ቦታ እንደ ያዘ ታወቀ። በ2001 የመጀመሪያው ረቂቅ ሲወጣ፣ በቅርብ ዘመን የተደረቡት ረጃጅም ቁራጮች ከመቶ አምስት እጅ ያህል ተገመቱ፤ በ2022 ያልተነበበ ነገር ሳይቀር ሲፈጸም ከመቶ ሰባት እጅ ያህል ሆነው ተገኙ። በ2009 የታተመ የንጽጽር ጥናት፣ ይህ መደረብ በሁሉም ዘመን እኩል እንዳልነበረ አሳየ። የሰው፣ የቺምፓንዚና የጎሪላ የጋራ ቅድመ አያት በነበረበት ዘመን፣ የነጠላ ፊደሎች ለውጥ እየቀነሰ ሳለ፣ የቁራጮች መደረብ በረታ። እኛንና ቅርብ ዘመዶቻችንን የሚለየው ነገር ከፊሉ የተጻፈው በዚህ መንገድ ነው።

ለምሳሌ ኤስ አር ጋፕ 2 የሚባለው ጂን በቺምፓንዚና በጎሪላ አንድ ብቻ ነው። በሰው የዘር ሐረግ ግን ካለፉት ሦስት ሚሊዮን ተኩል ዓመታት ወዲህ ደጋግሞ ተደርቧል፤ አንደኛው ድርብ በአንጎል ሕዋሳት መካከል ያለው መገናኛ በዝግታ እንዲበስልና እንዲበዛ ያደርጋል። ኖች የሚባለው የጂን ወገን ደግሞ ስሙን ያገኘው ክንፏ ጠርዙ ላይ ከተሸረፈ የፍራፍሬ ዝንብ ነው። የዚህ ወገን የሆኑ፣ በሰው ብቻ ሥራ የያዙ ድርቦች በፅንስ ጊዜ የአንጎል ሕዋሳትን የሚያፈሩት እናት ሕዋሳት እንዲበዙ እንደሚረዱ በ2018 ተገለጸ።

ይሁን እንጂ ይህ ሀብት ዕዳ አለበት። እነዚህ የኖች ድርቦች ያሉበት የአንደኛው ክሮሞሶም ስፍራ በተመሳሳይ ቁራጮች የተሞላ በመሆኑ፣ ልውውጡ በቀላሉ ይዛነፋል። በዚያ አካባቢ የሚጎድልባቸው ሕፃናት ጭንቅላታቸው አንሶ፣ የሚተርፍባቸው ደግሞ ገዝፎ የሚወለዱበት ጊዜ አለ፤ በአንዳንዶቹም ላይ የአእምሮ እድገት ችግር ይታያል። በ17ኛው ክሮሞሶም ላይ አንድ ቁራጭ ሲደረብ እግርንና እጅን የሚያደክም የነርቭ በሽታ እንደሚያመጣም በ1991 ተረጋግጧል። ስለዚህ ለሰው ልጅ አንጎል መስፋት የረዳው የመደረብ ጠባይ፣ ለአንዳንዱ ልጅ ሕመም ምክንያት ነው። ጸጋውና ጉዳቱ ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፤ አንዱን ተቀብሎ ሌላውን አላውቅም ማለት አይቻልም። እንደዚህ ያለ ልጅ በክፍል ውስጥ ሲገኝም፣ የወላጆቹ ጥፋት ወይም የራሱ ዳተኝነት ሳይሆን፣ የሁላችንም ዘር የተሠራበት መንገድ ያስከፈለውን ዋጋ ተሸክሞ የመጣ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል።

ብሪጅስ ዘመኑን ያሳለፈው ሌሎች እንደ ስሕተትና እንደ ትርፍ የሚያልፉትን ነገር ቆሞ በመመልከት ነው። ከሁለት ሺህ አንዱን ዝንብ አልናቀም፤ በጠርሙሱ ውስጥ የቀረችውን አልደፋም፤ ሁለት ጊዜ የተጻፈውን ቁራጭ ከንቱ ድግግሞሽ ነው አላለም። እርሱም ራሱ በ14 ዓመቱ ትምህርት ቤት በር ላይ በቆመ ጊዜ፣ ተቀብለው ያስተማሩት ሰዎች ምን እንደሚወጣው ሊያውቁ አይችሉም ነበር። ከተደረቡት ጂኖች መካከል ፍሬ የሚሰጡት ጥቂቶች ናቸው፤ የትኛው እንደሚሰጥ ግን በተደረበበት ቀን ተለይቶ አይታወቅም። መምህርም በየዓመቱ መጀመሪያ መዝገቡን ከፍቶ ስም ሲጠራ ከዚህ የተሻለ ዕውቀት የለውም፤ ስለዚህ ዘግይቶ የመጣውንም ተማሪ ስሙን ጽፎ፣ ቦታ ሰጥቶ ማስቀመጥ ይገባዋል።